ከደጀ ሰላሙ ማዶ

ጎጆው በሴቶች ተሞልቷል። ምጡ የያዛት ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። አንዷ ከኋላ ወገቧን አቅፋለች፤ አንዷ ሆዷን ቅቤ ታሻለች፤ በሩ ጥግ የተቀመጡት አሮጊቶች ድምፃቸው እስኪሰልል «ማርያም ማርያም!» ይላሉ። ወንዶቹ ደጅ ናቸው። አማቷ «አይዞሽ ልጄ፣ በሽልም ታውጣሽ» ትላታለች። ልጅቱ ግን ከትናንት ወዲህ መልስ መስጠት ትታለች። ዕድሜዋ 16 ወይም 17 ነው፤ በትክክል የሚያውቅላት የለም።

ስሟን ያልጻፍኩት አንዲት ሴት ስላልሆነች ነው። በሁለት እጁ እነሴም፣ በጎንቻም፣ ከዓባይ ማዶ በእስቴና በአንዳቤትም ይህ ታሪክ የብዙ ሴቶች ነው፤ የሚለያየው የጎጆው ስፋትና የቀኑ ብዛት ብቻ።

ሴቶቹ ሊያዩት የማይችሉት ነገር ከቆዳዋ ሥር እየተፈጸመ ነው። ዳሌዋ ጠቧል፤ ገና አላደገም ይሆናል፣ ወይም ሕፃኑ በደንብ አልዞረም። ምጥ በመጣ ቁጥር ጭንቅላቱ ወደ ታች ይገፋል፣ አያልፍም። በጭንቅላቱና በዳሌዋ አጥንት መካከል የተቀረቀረው ሥጋ፣ ማለትም የሽንት ፊኛዋና የብልቷ ግድግዳ፣ ደም አያገኝም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ቢሆን ይችለው ነበር። ሦስት ቀን ግን አይችልም፤ ይሞታል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይሞትና፣ ከሞተ በኋላ ሰውነቱ ለስልሶ ይወጣል። እናቲቱ ተረፈች ተብሎ እልል ይባል እንደሆነ እንጃ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የሞተው ሥጋ ተቆርሶ ሲወድቅ ቀዳዳ ይቀራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሽንት ቀን ከሌሊት ያለ ፈቃዷ ይፈስሳል። ጉዳቱ ወደ ኋላም ከደረሰ ዓይነ ምድርም አብሮ። ሐኪሞች ፊስቱላ የሚሉት ይህንን ነው። በዳሌዋ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ከተጎዳ ደግሞ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች።

ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን መንደሩ በሹክሹክታ ያውቀዋል። መኝታዋ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ደግሞ ለብቻዋ ወደ ተቀለሰች ጎጆ ይወጣል። ባል መጀመሪያ ይታገሣል፣ ቀጥሎ ወደ ወላጆቿ ይመልሳታል። አሮጌ ጨርቅ ትደራርባለች፤ ታጥባለች፤ እንደገና ትደራርባለች። ማንም ሳያስተምራት አንድ ዘዴ ታገኛለች፤ ውኃ አለመጠጣት። ካልጠጣሁ አይፈስም ነው ሐሳቡ። የሚፈሰው ግን አይቆምም፤ ይወፍራል፣ ሽታው ይከብዳል፣ ጭኗን ይልጠዋል፣ አንዳንዴም ፊኛዋ ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ራሷን ለማዳን የምታደርገው ነገር መልሶ ራሷን ይጎዳታል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን እሑድ ጠዋት ነው።

የጎጃሟ ከተማ ሞጣ የቤተ ክርስቲያን አገር ናት። ቅዱስ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ ከተማዋም በዚያ ደብር ዙሪያ ነው ያደገችው። ቅዳሴ ሲደወል ነጠላው ሁሉ ወደዚያ ይፈስሳል። የወለደች ሴት ሥርዓት ደግሞ የታወቀ ነው። ወንድ የወለደች በ40፣ ሴት የወለደች በ80 ቀኗ ልጇን አቅፋ ክርስትና ታስነሳለች፤ እስከዚያ ቤተ መቅደስ አትገባም። የእኛይቱ ልጅ የምታስነሳው ሕፃን የላትም። የሚፈሰውም አልቆመ። ስለዚህ ቀኗ አይቆጠርም፤ 40 የላት፣ 80 የላት። ከቅጽሩ ውጭ፣ ከደጀ ሰላሙ ማዶ፣ ነፋሱ ሽታዋን ወደ ሰው በማይወስድበት በኩል ትቆምና ከዚያው ተሳልማ ትመለሳለች። ማንም ሂጂ አላላትም ይሆናል፤ ሽታዋን ከሰው ሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

ለሙስሊሟ ጎረቤቷም ነገሩ ያው ነው። ውዱዕ ሳይቆይ ይፈርስባታል፤ ስለዚህ ሶላት ለኔ አይሆንም ብላ ትተወዋለች። ሽንቱ ለማይቋረጥበት ሰው ለየሶላቱ ወቅት ውዱዕ አድርጎ እንዲሰግድ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ፈቅደዋል፤ ይህን የሚነግራት ሰው ግን ጎጆዋ ድረስ አይመጣም። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት ኖራ፣ በሕዝብ መካከል ተሹለክልካ የጌታን ልብስ ጫፍ የነካችው ሴት ታሪክ በየዓመቱ ይሰበካል። ከቅጽሩ ውጭ የቆመችው ሴት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ይህን ስብከት መስማት የሚገባት ነበረች፤ ድምፅ ማጉያው እሷ ጋ ከደረሰ።

ስለ እምነትና ስለ ቁስል የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኞቹ አንድ መንገድ ይይዛሉ፦ ወድቃ ነበር፣ አመነች፣ ተነሣች። እዚህ ታሪክ ውስጥ እምነት እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ያቆሰላት አንዱ ነገር እሱ ነው፤ ከእግዚአብሔር ቤት ተለየሁ ማለቷ። በሕይወት ያቆያትም እሱ ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ጸበል ነው። ሱባኤ ይይዛሉ፣ ይጠመቃሉ፣ ይጠጣሉ። ጸበልን ለመንቀፍ አልጻፍኩም። ለወራት ሰው ያልነካት ሴት እዚያ ከሰው ጋር ትሰለፋለች፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት፣ ፊኛዋ ውስጥ በሚቀመጥ ቱቦ ብቻ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊደፈን ይችላል። ሱባኤ በሱባኤ ላይ ሲደረብ ያ ዕድል ያልፋል።

መንገዱም አለ። ሞጣ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ከብቸና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት፤ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃታል። ዛሬ ሆስፒታል አላት። ግን ከተማዋ መድረስ ራሱ ጉዞ ነው። ከሞጣ ወደ ሰሜን ሲወርዱ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። በፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወገቡ ተቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው በገመድ ተሻገረ። ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ወንዶች ገመዱን ይዘው ተሻጋሪውን ከገደሉ በላይ ይስቡት ነበር። የዚህን መሻገሪያ ፎቶ መጽሔት ላይ ያየ አንድ አሜሪካዊ ለገጠር ሰው ድልድይ የሚሠራ ድርጅት እስከ ማቋቋም ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። በዚያ ገመድ እህል አልፏል፣ ነጋዴ አልፏል። ሦስት ቀን ያማጠች ሴት በምን ታስራ ታልፍ ነበር?

የጤና ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶች ይላሉ፦ እንሂድ ብሎ ለመወሰን፣ ለመድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሐኪም ለማግኘት። የመጀመሪያው ጎጆው ውስጥ ነው፣ ሁለተኛው ቃሬዛው ላይ፣ ሦስተኛው ሆስፒታሉ በር ላይ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ደግሞ መካከለኛውን እጅግ አርዝሞታል። መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስም ይቆማል፤ ምጥ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም።

አሁን ወደ አንዲት ስሟ ወደሚታወቅ ሴት ልሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1962 አንዲት የ16 ዓመት የገጠር ልጅ አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሰች። አራት ቀን አምጣለች። ልጇ ሞቷል፤ ከእሷም ሽንት ይፈስሳል። ማሚቱ ጋሼ ትባላለች። ፊደል አልቆጠረችም። የተኛችበት ሆስፒታል ስም ራሱ የወሊድ ሐዘን ነበረበት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ የተመለሰች ወጣት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመቷ አረፈች፣ ሆስፒታሉም መታሰቢያ ተደረገላት። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። የንጉሥ ልጅና የገበሬ ልጅ በአንድ ነገር ተገናኙ።

ማሚቱን ያከሟት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ኒውዚላንዳዊው ሬጂናልድና አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሐምሊን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው የመጡት፣ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አይተው፣ ሦስት ዓመት ሠርተው የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነበር። ፊስቱላን ቀድሞ በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም፤ በአውሮፓ ቀዶ ማዋለድ ሲስፋፋ በሽታው ጠፍቷል። እዚህ ሲደርሱ ግን ሴቶቹ ከየአውራጃው በእግር እየመጡ በር ላይ ተኮልኩለው አገኟቸው። ሦስቱ ዓመት አላለቀላቸውም። ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሞቱ አዲስ አበባ ተቀበሩ፤ ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ከዚሁ አልወጡም። ሴትዮዋ ጸሎተኛ ነበሩ፤ ወደዚህ አገር የመጣሁት ተጠርቼ ነው ብለው ያምኑ ነበር፣ ይህንንም አይደብቁም ነበር። በር ላይ ግን ሃይማኖት አይጠየቅም፤ የምትታከመው ሴት ማተብ ያሰረችም ሒጃብ የለበሰችም ናት።

ማሚቱ ከታከመች በኋላ ወደ መንደሯ አልተመለሰችም። አልጋ አነጠፈች። የታመሙትን አጠበች። ቀስ በቀስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል ጀመረች። ሬጂናልድ እጇን ያያሉ፤ አንድ ቀን መርፌውን አስያዟት፣ ከዚያም እጃቸውን በእጇ ላይ አድርገው መሩዋት። ማንበብ ሳትችል መስፋት ቻለች። የማታ ትምህርት የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ስፌት ምን እንደሚጠይቅ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ታካሚዋ እግሮቿ ወደ ላይ ተሰቅለው፣ ራሷ ዝቅ ብሎ ትተኛለች። ቀዳዳው ጥልቅ ውስጥ ነው፤ የሐኪሟ እጅ እንደ ልብ አይገባም፣ ረጅም እጀታ ባለው መሣሪያ ነው የሚሠራው። ደም ይሸፍነዋል፤ ይጠረጋል፤ እንደገና ይሸፍነዋል። ከሞተው ሥጋ አጠገብ ያለው ጠባሳ እንደ ቆዳ የጠነከረ ነው፤ መጀመሪያ ፊኛው ከዚያ ጠባሳ ተላቆ ነጻ መውጣት አለበት፣ አለበለዚያ ስፌቱ ተወጥሮ ይበጠሳል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የት እንዳሉ ሳያውቁ መርፌ መስደድ ኩላሊት መዝጋት ነው። ስፌቱ ሲያልቅ ፊኛው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርና ነጭ ፋሻ ይደረጋል። ፋሻው ነጭ እንደ ሆነ ከቆየ ተደፍኗል። ሰማያዊ ነጠብጣብ ከታየበት እንደገና ይጀመራል።

ማሚቱ ይህን በማየትና በማድረግ ተማሩት። ከጊዜ በኋላ ዲግሪ የደራረቡ ሐኪሞች ከውጭ አገር ጭምር መጥተው ከአጠገባቸው እየቆሙ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሐምሊኖችና ለእሳቸው በጋራ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ፤ በ2018 ደግሞ ቢቢሲ በዓመቱ 100 ሴቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው።

የሙያው ታሪክ ሌላ ገጽም አለው፤ የማሚቱ ነገር የሚገባኝ ከእሱ ጋር ሳስተያየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በአሜሪካ፣ አላባማ፣ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም የፊስቱላን ቀዶ ሕክምና የተለማመደው በባሪያ ሴቶች ላይ ነበር። ስማቸው የታወቀልን ሦስቱ አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ ይባላሉ። ማደንዘዣ አልተሰጣቸውም፤ አናርካ ብቻ 30 ጊዜ ያህል ቀዶ ተደርጎባታል። እነሱም በመጨረሻ የእርስ በርስ ረዳት ሆነው መሣሪያ ያቀብሉ፣ ጓደኛቸውን ይይዙ ነበር። የሙያ ዕውቅና አላገኙም፤ ሐውልቱ የቆመው ለሐኪሙ ነበር። የአዲስ አበባዋ ማሚቱ ከታካሚነት ተነሥተው የደረሱበትን ቦታ ሳስብ፣ የአንድ ሰው ጥረት ብቻ አድርጌ ልመለከተው አልችልም፤ አንድ ሰው መርፌውን ለእሳቸው ለመስጠት ፈቅዷል።

ሐምሊኖች የራሳቸውን የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ለጎጃም ሴት ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነበር፤ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ አውቶቡስ ውስጥ በሰው መካከል፣ ከሥሯ እየረጠበ። ከአውቶቡስ ውረጂ የተባሉ ሴቶች ታሪክ በዚህ ሙያ ውስጥ የተለመደ ነው። የባሕር ዳሩ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት ያ ጉዞ አጠረ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ነበር። በኋላ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ተከተሉ።

አንዲት ሴት እዚያ ስትደርስ ወንበር አትቀመጥም። ይረጥባል ብላ ትፈራለች። መሬት ላይ፣ ግድግዳ ጥግ፣ ጋቢዋን ከሥሯ አጥፋ ትቀመጣለች። ከሐኪሙ ቀድማ የምታገኛት ብዙ ጊዜ የረዳት ነርስ ልብስ የለበሰች ሴት ናት፤ ከእነዚህ ረዳቶች ብዙዎቹ ራሳቸው በዚሁ በሽታ ታክመው የቀሩ ናቸው። ረዳቷ አጠገቧ መሬቱ ላይ ቁጭ ትላለች። «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» ትላታለች። እንግዳዋ መጀመሪያ አታምንም። ብቻዬን ነኝ ብላ ለዓመታት ኖራለች፤ ይህ በሽታ ስም እንዳለው፣ ዋርዱ ሙሉ እህቶች እንዳሏት የምትሰማው ያን ቀን ነው። ለእኔ ከቀዶ ሕክምናው እኩል የሚመዘነው ይህች ቅጽበት ናት። ሐኪም «ትድኛለሽ» ሲል ተስፋ ይሰጣል። የዳነች ሴት ስትለው ግን ማስረጃው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ልብሷም ደረቅ ነው።

ከቀዶው በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቱቦ ይቀመጣል። ትእዛዙ ሦስት ነው፦ አልጋው ደረቅ ይሁን፣ ቱቦው ይውረድ፣ ውኃ ይጠጣ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ለዓመታት ራሷን ያስጠማች ሴት ኩባያው ሲቀርብላት ታየዋለች፤ ረዳቷ ጠጪ ትላለች፣ ትንሽ ትጎነጫለች፣ እንደገና ጠጪ ትባላለች። ለዓመታት ተኮራምታ ተኝታ ጉልበቷ ያልዘረጋላት ደግሞ በሕፃን እርምጃ መሄድ ትማራለች። ማታ ማታ ዋርዱ ውስጥ ጸሎት አለ፤ ሹሩባ መሥራት አለ፤ ሹራብ መሥራት አለ፤ ሐሜትም አይጠፋም።

ሁሉም አይደርቅም። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ቀዳዳው ይደፈናል፤ ከእነዚህም አንዳንዷ ፊኛዋ ተጎድቶ ስለ ቀረ መፍሰሱ አይተዋትም። ፊኛዋ ጨርሶ የጠፋ ደግሞ ሽንቷ በሆዷ በኩል በከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል። ለእነዚህ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተቋቋመ። እዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፍቷል። ተማሪዎቹ ከገጠር ይመለመላሉ፣ ሲመረቁም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላካሉ። ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ያከመው ድርጅት፣ ሰፍቶ እንደማይጨርሰው ስለገባው ነው ወደ አዋላጅ የዞረው።

የሚጨርሰው ምንጩ ላይ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጓል፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን አወጣ። ሕጉ ግን ጎጆ ድረስ ብቻውን አይሄድም። ከሞጣ ምዕራብ በይልማና ዴንሳ፣ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶቹ ትምህርት ቤት እንዲቆዩ፣ ያላገቡትም በቡድን እንዲገናኙ ተደረገ፤ ሳታገባ የቆየች ልጅ ያለችው ቤተሰብ በማብቂያው አንድ ፍየል ተሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት መዳር በግልጽ ቀነሰ። ከ15 በላይ ያሉት ግን ሳይዳሩ አልቀሩም፤ ፕሮግራሙ ጋብቻን አላስቀረም፣ ገፋው። ለዳሌ አጥንት ግን ጥቂት ዓመት መዘግየትም ብዙ ነው። በጤና ተቋም መውለድም አድጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 26 በመቶ የነበረው በ2019 ወደ 48 ደርሷል። ይህ ከቅርብ ዓመታት ጦርነቶች በፊት የተቆጠረ ነው።

በየቤቱ የንስሐ አባት አለ። ማን ከቅዳሴ እንደ ቀረች፣ ማን ከወለደች ወዲህ እንዳልታየች ከጤና ኤክስቴንሽኗ ቀድመው ሊያውቁ ይችላሉ። «ይህ እርግማን አይደለም፣ ባሕር ዳር ሄደሽ ታከሚ፣ ገንዘብ አይጠየቅም» የሚል ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። ሱባኤዋንም ከፈለገች ከቀዶው በኋላ ትይዘዋለች።

የዳነችው ሴት ስትወጣ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል፣ መሳፈሪያም እንዲሁ። ትእዛዝም አለ፦ ለጥቂት ወራት ከባሏ ተለይታ እንድትቆይ፣ እንደገና ካረገዘች ደግሞ ቤት ውስጥ እንዳታምጥ፣ ቀኑ ሳይደርስ መጥታ በቀዶ እንድትወልድ። አንዳንዷ ይህን ሰምታ፣ ካርዷን በመቀነቷ ቋጥራ ወደ ሞጣ ትሳፈራለች። አንዳንዷ ደግሞ የሚመልሳት ባልም ቤትም የላትምና፣ አልጋ የምታነጥፈዋን ረዳት ጠጋ ብላ እዚህ ሥራ ይገኝ እንደ ሆነ ትጠይቃታለች።